ጳጉሜ አንድ የታሸገው ቋንጣ

ይሄ ነገር የጀመረው ባለፈው ጳጉሜ ነው፤ ያለቀው ደግሞ መስከረም ላይ። አሁንም ድረስ የጣሳ ክዳን ባየሁ ቁጥር በጣቴ ጫን ሳላደርግ አላልፍም፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሰው እያየኝ እንኳን። የምጽፍላችሁ ጥፋቱ የኔ ስለነበረ ነው። ለሰው ስናወራው ሁልጊዜ እማዬ ናት ጥፋተኛ የምትመስለው፣ እሷም ዝም ትላለች። ያ ልክ አይደለም።

ሳሮን እባላለሁ። በባዮሎጂ ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። አሜሪካ ውስጥ ፌርፋክስ የሚባል ሰፈር፣ ከሐበሻ ሬስቶራንቶቹ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ከእማዬ ጋር ነው የምኖረው። እማዬ ኬርጊቨር ናት፤ በየቤታቸው እየሄደች አሮጊቶች ትንከባከባለች። እኔ ያኔ ሥራ እየፈለግኩ ነበር፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ አፕላይ ማድረግ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ነው።

የምግብ ማከማቸቱ ነገር የተጀመረው በእሳቱ ጊዜ ነው። ኮረብታው ሲቃጠል አመዱ እኛ መኪና ላይ ይዘንብ ነበር። ስልካችን "ለመውጣት ተዘጋጁ" እያለ ሲጮህ እማዬ ሻንጣ አወጣች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ካቢኔቱን ከፈተች። የነበረው ግማሽ ላስቲክ ምስርና አንድ ፓስታ ነው።

"ይሄን ይዤ ነው የምሰደደው?" አለች።

ሱፐርማርኬት ስንሄድ መደርደሪያው ባዶ። ደግነቱ እሳቱ እኛ ጋ አልደረሰም። ግን ያን ባዶ መደርደሪያ እማዬ አልረሳችውም።

ከምትንከባከባቸው አሮጊቶች አንዷ ሞርሞን የሚባለው ሃይማኖት ተከታይ ናቸው። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ "ሳሪ፣ የሴትዮዋ ጋራዥ ውስጥ ያለው መኪና አይደለም፤ ስንዴ ነው!" አለችኝ። ከወለል እስከ ጣሪያ በትልልቅ ጣሳ የታሸገ ስንዴ፣ አጃ፣ ባቄላ፣ የዱቄት ወተት። ቤተ ክርስቲያናቸው ለክፉ ቀን ቀለብ አስቀምጡ ይላቸዋል አሉ። ለዚህም የራሳቸው ማሸጊያ ቦታ አላቸው። እህሉን እዚያው ትገዢያለሽ፣ በገዛ እጅሽ ጣሳ ውስጥ ትሞያለሽ፣ በማሽን ታሽጊያለሽ። የእነሱ አባል ያልሆነ ሰውም ይገባል።

"እማ፣ ፓስተርሽ ቢሰሙስ?" አልኳት። እማዬ ጴንጤ ናት፣ ለዚያውም የኳየር።

"ምን ይላሉ? ስንዴውን እንጂ እምነታቸውን አላሽግ።"

ለቸርች ጓደኛዋ ደውላ፣ ማሸጊያውን ማለቷ ነው፣ "ቅዳሜ ቆርቆሮ ቤት ልሄድ ነው" ስትላት ሴትዮዋ "ውይ አልሜ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ የት ገዛሽ?" አለቻት። አገር ቤት የቆርቆሮ ክዳን ቤት የገዛች መስሏት ነው። እማዬ አላረመቻትም። "ትንሽ ትቅና" አለችኝ ስልኩን ዘግታ።

ጋሼ ንጉሤም አብረውን ሊሄዱ ወሰኑ። ጋሼ ንጉሤ ከታች የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። አሁን ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ አገር ቤት ግን ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን ንብረት ክፍል ነበሩ። እኔ ሳላስበው "አንተ" እላቸዋለሁ። እሳቸውም ሁልጊዜ "አንተ የምትይኝ አብረን ነው የተማርነው?" ይሉኛል። ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ እንደገና "አንተ" እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ቋንጣው ልምጣ።

ከቅዳሜው በፊት ማክሰኞ ዕለት እማዬ ሥጋ ዘልዝላ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ፣ ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ በላይ ገመድ ወጥራ ሰቀለችው። "እሁድ ድረስ እንዳትነኪው" አለች። እኔ የምሠራበት ጠረጴዛ ደግሞ ልክ ከገመዱ ፊት ነው ያለው፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።

ሐሙስ ጠዋት የዙም ኢንተርቪው ነበረኝ፣ ውሃ የሚመረምር ላብ። ከተመረቅኩ በኋላ የመጀመሪያው የረባ ኢንተርቪው ነው። ካሜራውን ስከፍት ከጭንቅላቴ በላይ ቀይ ሥጋ ተንጠልጥሏል፣ ዘውድ የደፋሁ ነው የምመስለው። አሥር ደቂቃ ነው የቀረኝ። ላፕቶፑን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዞር እችል ነበር። አላሰብኩም። ወንበር ላይ ወጥቼ ሥጋውን ሁሉ ገፈፍኩና ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።

ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ መልሼ መስቀል ነበረብኝ። አንዱን ነካሁት፤ ከላይ ደርቋል። ኦኬ፣ ደርቋል አልኩና ተውኩት።

ማታ እማዬ ስትመጣ "ማን አወረደው?" አለች።

"ደርቆ ነው ያወረድኩት።"

"በሁለት ቀን?"

"እማ፣ ሙቀቱ አይታይሽም እንዴ?"

ከረጢቱን አንስታ ወጥ ቤት ገባች። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ በፔርሙዝ ቡና ይዛ፣ ጋሼ ንጉሤ ሁለት እስክሪብቶ ኪሳቸው ሰክተው፣ እኔ እያዛጋሁ፣ በኔ ኮሮላ ሄድን። ቦታው ከዳውንታውን ያለፈ፣ መጋዘን ብቻ የሆነ ሰፈር ውስጥ ነው። ገና ስንገባ የፀጉር መረብና ሽርጥ ሰጡን፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ አሉን። ጋሼ ንጉሤ መላጣ ናቸው። "ይሄ ደግሞ ምኔን ሊይዝ ነው?" አሉ መረቡን እያገላበጡ፣ ግን አደረጉት።

የተቀበለን ሰውዬ ሰባ አምስት ዓመት የሚሆነው ረጅም ሽማግሌ ነው። ዕድሜ ልኩን ሃውቶርን ከተማ የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ እዚህ በነፃ የሚያገለግል። ደረቱ ላይ "ብራዘር ዴል" የሚል ለጥፏል።

"ምን ማለት ነው?" አለች እማዬ።

"ወንድም ዴል።"

"እነሱም ወንድም እህት ነው የሚባባሉት? እንደኛው!" አለችና ጨበጠችው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ "ወንድም ዴል" ስትለው ዋለች፣ እሱም አቤት ይላት ነበር።

ሥራው ለካ ደስ ይላል። አንዱ ምስሩን በትልቅ ማንኪያ ጣሳው ውስጥ ይሞላል፣ አንዱ መታ መታ እያደረገ ያስተካክላል፣ አንዱ ደግሞ ውስጥ የቀረውን አየር የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጣል ያደርጋል። ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ ማሽኑ ዞር ዞር ያደርገውና ታሸገ። ብራዘር ዴል ማስረዳት ይወዳል። እሱ አምስት ደቂቃ ያወራል፣ እኔ አንድ መስመር እተረጉማለሁ። መቼም ሰው ሁሉን ነገር አይተረጉምም።

አንዱ ያለው ነገር ይሄ ነበር፦ እዚህ የሚታሸገው ፍጹም ደረቅ ነገር ብቻ ነው። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ውስጡ እርጥበት ያለው ነገር አየር በሌለበት ጣሳ ውስጥ ከገባ መርዝ ያፈራል፣ መርዙም አይሸትም አይታይም። ክዳኑ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው፤ ወደ ውጭ ካበጠ እንዳትከፍቱት።

እኔ የተረጎምኩት፦ "ደረቅ ነገር ብቻ ነው አለ።"

ቀጥሎ ስለ አቀማመጥ ማስረዳት ጀመረ። ባዶ ጣሳ ደርድሮ በእጁ ያሳያል፤ አሮጌው ወደ ፊት፣ አዲሱ ከኋላ፣ ስትበሉ ሁልጊዜ ከፊት አንሱ። ይሄን መተርጎም ሳያስፈልገኝ ጋሼ ንጉሤ ዓይናቸው በራ።

"ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል!" ብለው ጮኹ። "ሳሮን፣ ንገሪው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይሄን ነው በይው!"

ነገርኩት። ብራዘር ዴል ጓንቱን አውልቆ እንደገና ጨበጣቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው በጣት እየተጠቋቆሙ ጣሳ ሲደረድሩ ዋሉ። መለያ ወረቀቱን መጻፍ ለጋሼ ንጉሤ ተሰጠ። ጽሕፈታቸው የታተመ ነው የሚመስለው። "ምስር" ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ቀኑን፦ 1/13/2017። ጳጉሜ አንድ ነበር ዕለቱ። እኔም አይቼዋለሁ። ቤታችን የተሰቀለው ካላንደር የሐበሻ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

እረፍት ስናደርግ እማዬ ፔርሙዟን ከፍታ ለብራዘር ዴል ቡና ቀዳች። በጣም በትህትና "አመሰግናለሁ፣ እኛ አንጠጣም" አላት።

"ሻይስ?"

ሻይም አይጠጡም፤ ሃይማኖታቸው አይፈቅድም።

እማዬ ከፋት። "ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ሲረዳኝ ውሎ ውሃ እንኳ ሳላቀምሰው ልሂድ?" እያለች ስታጉረመርም ቆየች። ሥራችን ሲያልቅ ብራዘር ዴል ጣሳዎቹን በጋሪ እየገፋ ወደ መኪናችን ይጭን ጀመር፣ እኔም የኋላውን ኮፈን ልከፍትለት ወጣሁ። ለካ እማዬ ቋንጣውን በቦርሳዋ ይዛው መጥታ ኖሯል። ደረቅ ነገር ነዋ የተባለችው። በተረፉት ሁለት ጣሳዎች ሞላችው፣ ጋሼ ንጉሤ አሸጉት፣ ቀኑን ጻፉበት። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለወንድም ዴል።

መኪናው ጋ መጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"የደረቀ ሥጋ ነው፣ ከኛ ቤት።"

ፈገግታው ቆም አለ። "እውነት ደረቅ ነው?"

"ደረቅ ነው ወይ ይላል" አልኳት እማዬን።

"እንጨት ነው በይው!"

እኔም "በጣም ደረቅ ነው" አልኩት። ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ በሁለተኛው ቀን። ግን ርቦኝ ነበር፣ መሄድ ፈልጌ ነበር፣ ሶ እንዲያ አልኩት። ጣሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ እጁን እያውለበለበ ሸኘን።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ኢንተርቪው ያደረግኩበት ላብ "ሌላ ሰው መርጠናል" ብሎ ኢሜል ላከልኝ። ጣሳዎቹ በእማዬ አልጋ ሥር ተደርድረዋል፣ አሮጌው ወደ ፊት አዲሱ ወደ ኋላ። ሁሉም አንድ ቀን የታሸጉ መሆናቸው ጋሼ ንጉሤን ከመደርደር አላገዳቸውም።

አንድ ማክሰኞ እማዬ እረፍት ነበረች። "እስቲ ቋንጣውን አውጪልኝ፣ ፍርፍር ልሥራ" አለችኝ። ተንበርክኬ ጎትቼ አወጣሁት።

ክዳኑ አብጧል።

ጫን ሳደርገው ወደ ታች ሄደና ጧ ብሎ ተመለሰ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ይሄን ነገር ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ፤ ቦቱሊዝም ይባላል። መጀመሪያ ዓይን ይከዳል፣ የዓይን ሽፋን ይወርዳል፣ ፊት ይላላል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ከዚያ መተንፈስ ያቅታል። በኤ ነው ያለፍኩት፣ ቤታችን ውስጥ ሲሠራ ግን አላየሁትም።

"እማ፣ ይሄ እንዳይነካ። መርዝ ሊኖረው ይችላል።"

"ውይ፣ ደግነቱ አልከፈትነው—" አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሁለታችንም እኩል ነው ትዝ ያለን።

ስልክ ቁጥሩ የለንም። የአባቱን ስም እንኳን አናውቅም። ማሸጊያው ቦታ ስንደውል የተቀዳ ድምፅ ነው የሚያነሳው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነን ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር፣ በአሜሪካን ማለቴ ነው። እማዬ ነጠላ ጫማዋን እንኳን አልቀየረችም። ፍሪዌይ ላይ እንዴት ድራይቭ እንዳደረግኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

መንገድ ላይ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። 1/13/2017። አሜሪካን መጀመሪያ ወሩን ነው የሚያነበው። አሥራ ሦስተኛ ወር ደግሞ የለውም። ለብራዘር ዴል ያ ጣሳ ከስምንት ዓመት በፊት ጃንዋሪ ላይ የታሸገ ነው። እሱ ራሱ ምን ነበር ያለን? አሮጌው ወደ ፊት። ከፊት አንስታችሁ ብሉ። ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ መጀመሪያ የሚከፈተው የኛው ጣሳ ነው።

ይሄን ለእማዬ ስነግራት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ስንደርስ በሩ ላይ የነበረችው የፀጉር መረብ ያደረገች ወፍራም ሴትዮ ናት፣ ያን ቅዳሜ አይተናት ነበር። "ብራዘር ዴል አለ?" አልኳት መኪናውን ሳልዘጋ።

"ዛሬ አልመጣም። አሞኛል ብሎ ደወለ።"

እማዬ እንግሊዝኛው በደንብ ገባት። ግድግዳውን ያዘች።

ለሴትዮዋ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ቤቱ ደወለች፣ አይነሳም። እንደገና ደወለች፣ አይነሳም። አድራሻውን ስጪኝ ስላት ትንሽ አሰበችና "አድራሻ መስጠት አልችልም" አለች። ልጮህባት አፌን ስከፍት ሽርጧን እየፈታች ነበር። "ግን እኔ እሄዳለሁ፣ ተከተሉኝ።" የፀጉር መረቧን እንኳን ሳታወልቅ ነው መኪናዋ ውስጥ የገባችው።

እስከ ሃውቶርን ድረስ የሷን መኪና ጭራ ይዤ ነዳሁ። እማዬ አጠገቤ ታለቅሳለች።

"ሰው ገደልኩ" ትላለች። "ቡናዬን ሳይጠጣ ቢቀር ምን ነበረበት? ደግሞ ለሽማግሌ ጥርስ እንዲመች ብዬ ለስላሳ ለስላሳውን እኮ ነው መርጬ ያደረግኩለት።"

ለስላሳ ለስላሳውን። ማለት ከሁሉም ያልደረቀውን።

"በገዛ እጄ" ትላለች። እኔ ፊት ለፊት ያሰብኩትን የምናገር ሰው ነኝ፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያውቀኝ። ያን ቀን ግን ያን ሁሉ መንገድ እናቴ የኔን ጥፋት ተሸክማ ስታለቅስ አፌን አልከፈትኩም። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ።

ሃውቶርን ትንሽ ነጭ ቤት ፊት ለፊት ቆምን። ደረጃው ላይ ደርሰን ሴትዮዋ ደወሉን ልትጫን ስትል ነው የወጣኝ።

"እማ፣ እኔ ነኝ። ሳይደርቅ ነው ያወረድኩት። ለኢንተርቪው ብዬ።"

እማዬ ዓይኗን ጠረገች። "ወንበሩ ገመዱ ሥር ቆሞ፣ የጫማሽ ዱካ ላዩ ላይ። የማላውቅ መሰለሽ? ሥራ እየፈለገች ነው፣ አልጨቅጭቃት ብዬ ነው። ለስላሳነቱንም በጄ ነክቼ አውቄዋለሁ። ጣሳው ያደርቀዋል አልኩ።" ከዚያ በጉንጬ በኩል መታ አደረገችኝ፣ በጥፊም አይደል በማባበልም አይደል። "ዝም በይ አሁን።"

ደወሉ ተጫነ። ሴትዮዋ ደግማ ተጫነችው። ከዚያ እግር ሲጎተት ሰማን፣ በሩ ተከፈተ።

ብራዘር ዴል ነው። የግራ ፊቱ ወርዷል። ከንፈሩ ወደ ጎን ተንጋዷል፣ ምራቁ ይፈስሳል። "ሄ... ዎ..." አለ፣ ምላሱ ተሳስሮ።

 "ናይን ዋን ዋን! ናይን ዋን ዋን ደውሉ!" ብዬ ጮህኩ። የሴትዮዋ ስልክ ከእጇ ወደቀ። እማዬ ደግሞ "በኢየሱስ ስም!" ብላ ዘላ ሁለት እጇን ሰውዬው ጭንቅላት ላይ ጫነች፣ በአማርኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ፣ "አንተ መርዝ! ውጣ! ልቀቅ!" እያለች ትገሥፅ ጀመር። ብራዘር ዴል ጎንበስ ብሎ ይወዛወዛል። እኔ ሊወድቅ ነው ብዬ ወገቡን ያዝኩ።

እሱ ግን እጁን እያወዛወዘ የሆነ ነገር ሊል ይሞክራል። በመጨረሻ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተና ደም የነካው ጥጥ መዝዞ አወጣ።

"ጥርስ" አለ። "ጥርሴን... ተነቅዬ ነው።"

ከጥርስ ሐኪም ከተመለሰ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። ፊቱ የወረደው በማደንዘዣው ነው። አሞኛል ያለው ጥርሱን ነው። ስልክ ያላነሳው ሐኪሙ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ስለነበረ ነው።

እማዬ እጇን ከጭንቅላቱ ላይ አላነሳችም። "ምን አለ?" አለችኝ።

"ጥርሱን ተነቅሎ ነው።"

"ተመስገን!" አለችና ጸሎቱን እዚያው ወደ ምስጋና ገለበጠችው። ሰውዬውም ምስጋናው እስኪያልቅ ጎንበስ ብሎ በጨዋነት ጠበቃት።

"ሥጋውን በልተሃል?" አልኩት።

ወደ ወጥ ቤት መራን። ጠረጴዛው ላይ የኛ ጣሳ ተቀምጧል፣ አጠገቡ መክፈቻው። ክዳኑ ላይ አንድም ጭረት የለም። እሁድ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ መጥተው ሊከፍቱት አስበው ነበር፤ ጥርሱ ቅዳሜ ማታ ስለተነሳበት ማኘክ አልቻለም፣ ያለ እኔ አትክፈቱት አለ። ዛሬ ጥርሱን ሲገላገል፣ ድዱ ሲሻለው ሊቀምሰው አውጥቶት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሱ ጣሳ ክዳን አላበጠም ነበር። ዝም ብሎ ደህና ጣሳ ነው የሚመስለው። ውስጡ መርዝ ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ፣ እኛ ቤት ከነበረው ጋር አንድ ላይ፣ ሰው እንዳይከፍተው በትልቁ ጽፌበት አስወገድኩት።

ሁሉንም ነገር ነገርኩት። ሥጋውን ያወረድኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያኔም "በጣም ደረቅ ነው" ያልኩት ሳላየው እንደሆነ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ መለያው ላይ ያለውን ቀን በጣቱ ነካ።

"እኔኮ" አለ፣ ግማሽ ከንፈሩ እየከዳው፣ "ከቤታችሁ የመጣ መስሎኝ ነው። ስምንት ዓመት ያስቀመጣችሁትን፣ ከሁሉ የቆየውን ለኔ የሰጣችሁኝ መስሎኝ። ለሚስቴ ስነግራት አለቀሰች።"

ይሄን ለእማዬ ስተረጉምላት ምንም ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት፣ ቃል በቃል። እማዬ ሳቀች፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች፣ ከዚያ አይስ ጉንጩ ላይ እንዲይዝ አዘዘችው። ኬርጊቨር ናት።

ማታ ለጋሼ ንጉሤ ስንነግራቸው በመጀመሪያ ደነገጡ፣ ሰውዬው ደህና መሆኑን ሲሰሙ ግን ተቆጡ።

"ቀኑ ልክ ነው! ጳጉሜ አንድ ነው የታሸገው፣ ጳጉሜ አንድ ተጻፈ። እነሱ አንድ ወር ቢጎድላቸው የኔ ጥፋት ነው?"

"ጋሼ፣ ሰውዬው ሊሞት ነበር እኮ። አንተ ደግሞ—"

"አንተ የምትይኝ አብረን ነው የተማርነው?"

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን፣ ይሄኛውን እኔ ነኝ እንሂድ ያልኩት። ብራዘር ዴል የፀጉር መረቡን አድርጎ ቆሟል፣ ፊቱ ቀጥ ብሏል። ጋሼ ንጉሤ አሥራ ሁለት የምስር ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት፣ ከዚያ አንዲት ግማሽ ክክ ከጫፍ አስቀመጡ። "ጳጉሜ" አሉት። "ፓ... ጉ... ሜ" አለ እሱም። አሁን ቤታችን ያሉ ጣሳዎች ሁሉ ሁለት ሁለት ቀን ነው ያላቸው፣ የእኛም የእነሱም። ብራዘር ዴልም አንድ የአጃ ጣሳ ላይ በሐበሻ ቀን አስጽፏል፣ ለልጅ ልጆቹ ሊያሳያቸው። ቋንጣ ግን ወደዚያ ማሸጊያ ሁለተኛ አልገባም።

እኔ አሁን ቀልሎኛል። አንዳንዴ በሩ ሲከፈት የነበረው ፊቱ ይመጣብኝና እደነግጣለሁ፣ ከዚያ ጥጡ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ትዕግሥት አገኘሁ ብዬ አልዋሻችሁም። መተርጎም ላይ ግን ተቀይሬያለሁ። እማዬ ሐኪም ቤት ይዣት ስሄድ ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ካወራ አምስት ደቂቃ ነው የምተረጉምላት፣ "በቃሽ ገባኝ" እስክትለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ የዙም ኢንተርቪው ነበረኝ። እማዬ ከሁለት ቀን በፊት አዲስ ሥጋ ሰቅላ ነበር። ካሜራውን ስከፍት እንደ ድሮው ከጭንቅላቴ በላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ወንበሩ አልሄድኩም። ላፕቶፑንም አላዞርኩም።

ሴትዮዋ ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ስለ ላብ ልምዴ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደና "ይቅርታ፣ ከኋላሽ የተሰቀለው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ቋንጣ ነው" አልኳት። "አላወረድኩትም፣ ገና አልደረቀም።"